አጥሩን ያነደደው ነጋዴ

አንድ ነጋዴ ነበረ። ቁጭ በልና ስማ፤ ቁጣዬም አይክፋህ። እዚህ ጠበል ቦታ ሦስት ቀን ሰነበትህ። ምእመናን ለጋራ የከመሩትን እንጨት ለብቻህ አንድደህ ጨረስህ፤ ሁሉም የሚያድርበትን መጠለያ የምግብ ትራፊና የላስቲክ መጣያ አደረግኸው። ሰው ሲቆጣህ ደግሞ ወደ እኔ ወደ ጠበሉ ጠባቂ መጥተህ «ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፤ ማንን በደልሁ?» አልኸኝ። ያም ነጋዴ እንዳንተው ነበር የሚያስበው።

ባለጠጋ ነው። በሃያ በቅሎ ጨው ጭኖ፣ ጠመንጃ የያዙ አሽከሮች አስከትሎ ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር። በመንገዱ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ መንገደኛ ሁሉ የሚያድርበት አንድ ሰፈር አለ። ባለቤት የለውም። ዙሪያውን በግራር እሾህ የታጠረ ነው፤ አጥሩን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። አገሩ ጅብ የበዛበት ስለሆነ፣ እዚያ የደረሰ ሁሉ ጭነቱን ከማራገፉ በፊት አንድ የእሾህ ቅርንጫፍ ቆርጦ አጥሩ ላይ ይጥላል። ሲነሣም እሳቱን ያጠፋል፤ የተረፈውን ደረቅ እንጨት ዝናብ እንዳያገኘው አጥሩ ውስጥ ካለው ቋጥኝ ሥር ያኖራል፤ በሩን በእሾህ ዘግቶ ይሄዳል። ይህን የሚያዝዝ ዳኛ አልነበረም፤ የማያደርግ ሰውም አልነበረም። ሹም እንኳ ቢሆን ቅርንጫፉን ይቆርጣል።

ነጋዴው ግን አልቆረጠም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰና በቅሎዎቹን ሰው ውሃ ከሚቀዳበት በላይ አስገብቶ ወንዙን አደፈረሰው። ከቋጥኙ ሥር ያለውን እንጨት ሁሉ አስወጥቶ ሦስት እሳት አስነደደ፤ አንዱ ለወጥ፣ አንዱ ለአሽከሮቹ፣ አንዱ እንዲያው ለድምቀት። እንጨቱ ሲያልቅ አሽከሮቹ ጫካ መውረድ ሰለቻቸው። አጥሩ ደረቅ ነው፤ ደረቅ እሾህ ደግሞ ደህና ይነድዳል። በበሩ በኩል ያለውን እየነቀሉ ማገዱት።

እዚያው ካረፉት መንገደኞች መካከል አንድ አዛውንት ሸማኔ ነበሩ። ዝም ማለት አልሆነላቸውምና ወደ ነጋዴው ቀረቡ።

«ጌታዬ፣ አሽከሮችዎን አጥሩን ተዉት ይበሏቸው። ከኋላ ሰው አለ» አሉት።

«እኔ ጠመንጃ አለኝ፤ ነገ ጠዋትም እዚህ የለሁም» አለ ነጋዴው። «ከኋላ ያለው የራሱን ይቁረጥ። ከራስ በላይ ንፋስ ነው።»

አሽከሮቹ ሳቁ፤ ሸማኔው አፍረው ተመለሱ። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ናት፤ አህያ ስትለው እንስቃለን። ሰው፣ ያውም የማያውቃቸው ሰዎች ባጠሩት አጥር ተከልሎ የሚያድር ሰው ሲለው ግን እኔን ያንገበግበኛል።

በማግሥቱ ነጋዴው በጧት ጭኖ ሄደ። በሩን አልዘጋም፤ የሚዘጋበት እሾህም አላስቀረም። ሸማኔው አቅማቸው የፈቀደውን ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ቆርጠው ጣሉ፤ ክፍተቱ ግን ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ነበር።

በዚያው ቀን ሲመሻሽ አንድ ገበሬ ዝናብ እየደበደበው ወደ ሰፈሩ ደረሰ። ይህ ገበሬ አንድ በሬ ብቻ ስለነበረው ሰባት ዓመት ሙሉ ከጎረቤቱ በሬ ጋር እያቀናጀ ነበር የሚያርሰው። የጎረቤቱ ማሳ ተዘርቶ ካበቃ በኋላ የእሱ ይታረሳል፤ ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ሁልጊዜ ልጆቹ ከመከር በፊት ይራባሉ። በዚያ ዓመት ያለ የሌለውን ሰጥቶ ሁለተኛ በሬ ገዛ። እየነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው እንግዲህ፣ የሚያውቀውን አጥር ተማምኖ እዚያ ሊያድር የመጣው።

ክፍተቱን ሲያይ ደነገጠ። ዓይን እስኪይዝ ድረስ በማጭዱ እሾህ ቆረጠ፤ አልበቃም። እሳት ላንድድ ብሎ ከቋጥኙ ሥር ቢፈልግ ጭራሮ እንኳ አጣ። በትሩን ይዞ ክፍተቱ ላይ ቆመ። አንድ ሰው በአንድ በትር የጅብ መንጋ ሊመልስ አይችልም፤ ይህን ልነግርህ አያስፈልገኝም። ሲነጋ ከበሬው የቀረው ቀንዱና ገመዱ ነበር።

ገበሬው ተቀምጦ አለቀሰ። ነጋዴውን አላየውም፤ የሚረግመው ስም እንኳ አልነበረውም። ካለቀሰ በኋላ ተነሣና ማጭዱን አነሣ። እጁ እየደማ እስከ እኩለ ቀን እሾህ ሲቆርጥ ዋለ። አንድ መንገደኛ አይቶት፣ የምታስጠብቀው ከብት ሳይኖርህ ለማን ነው የምታጥረው አለው።

«ማታ ለሚመጣው» አለ ገበሬው።

ክፍተቱን ደፈነ፤ እንጨትም ለቅሞ ከቋጥኙ ሥር አኖረ። ከዚያ ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ሄደ። በዚያም ዓመት ማሳው የታረሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ነጋዴውስ ተቀጣ ወይ ትለኝ ይሆናል። አልተቀጣም። ጨውን ሸጠ፣ ደህና ገባ፣ ያደረበትንም ሰፈር ለወዳጆቹ አመሰገነ። የበሬውን ነገር እስኪሞት አልሰማም። መስቀል ጨብጠህ ማል ቢሉት፣ ማንንም አልበደልሁም ብሎ ይምል ነበር፤ እውነቱን የተናገረም ይመስለው ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ልጄ፣ ነጋዴው አንተ ነህ። አጥሩ አንተ የጨረስኸው እንጨት ነው፤ አንተ ያቆሸሽኸው መጠለያ ነው። በሬው ምን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ቅዳሜ ለጠበል ማን እንደሚመጣ አላውቅማ። አራስ ልትሆን ትችላለች። በቃሬዛ የተሸከሙት ሕመምተኛ ይሆናል፤ በዚህ ብርድ ተጠምቆ ሲወጣ የሚሞቀው እሳት ያጣል፤ የሚጋደምበት ንጹሕ መሬትም አያገኝም። «ማንን በደልሁ?» አልኸኝ። ገና ያልደረሰውን በደልህ። ፊቱን አለማየትህ በደልህን አያቀልልህም፤ ይቅር በለኝ የምትለው ሰው ነው ያሳጣህ።

ነገ ጠዋት አትሄድም። መጥረቢያው ከበሩ ጀርባ ነው፤ መጥረጊያውም እዚያው አለ። ተነሥ፤ ቅዳሜ የሚደርሱት ዛሬ ከቤታቸው ወጥተዋል።