የአቶ ዳምጠው መኪና ጭስ ማጣሪያ

በአዳማ ከተማ የመኪና ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) በመበየድ የምትተዳደር አንዲት ምላሰ ስል መካኒክ ነበረች። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑት አቶ ዳምጠው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያቸውንና ሌሎች አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ጋራዧ ገቡ።

«ማርሚታውን በትልቅ ቀይሪልኝ። ስመጣ አገር ይስማ!» አሏት።

መካኒኳ ከመኪናው ሥር ገብታ አየችና «ድምፁን አጎላልዎታለሁ፤ ከማርሚታው በፊት ያለውን ካታላይዘር ግን አልነካም» አለች።

«እሱን ነው እንጂ ቆርጠሽ የምትጥይው! ጎማ አያዞር፣ ጡሩምባ አይነፋ፤ ምን ይሠራል?»

«ሞተሩ የሚተፋውን መርዝ ያጣራል። እሱ ከሌለ ከኋላዎ ያለው ሰው ሁሉ ጭሱን ሲስብ ይውላል።»

በሰው ፊት መመከራቸው አናደዳቸው። «የጋራዥ ቋንቋ አልሰማም፤ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ አስረጂኝ! ካልገባኝ ትቆርጪዋለሽ፤ እምቢ ካልሽ ደግሞ ጋራዥሽን ዛሬውኑ አሳሽገዋለሁ።»

መካኒኳ ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ጋራዥ ነበር። ቢሆንም እጇን በጨርቅ እየጠረገች እንዲህ አለች፦

«እንግዲያው ጌታዬ፣ ካታላይዘር ማለት የእርስዎ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ማለት ነው። ከውስጥ የሚወጣው ምንም ይሁን ምን፣ ሰው እንዲችለው አድርጎ አጣርቶ ያወጣዋል። እሱ ይነሳና ከእርስዎ የሚወጣው እንዳለ ሕዝቡ ጋ ይድረስ ካሉኝ፣ መቁረጫዬን ላምጣ።»

አቶ ዳምጠው ዞር ብለው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያቸውን አዩት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ተይው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «አይነካ።»