አንጓች እሳት ልትጭር ሄደች

ተረት ተረት!

የላም በረት!

ኧረ ጮክ በሉ! እራት አልበላችሁም እንዴ? እህ፣ አሁን ሆነ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴትና ደምለው የሚባል ባሏ ነበሩ። ያላቸው ሀብት አንድ ወይፈን ብቻ ነበር። የሚኖሩትም በሰው ቤት ተጠግተው ነው። አንጓች ስታረግዝ ደምለው፦ «ልጄማ በሰው ደጅ አይወለድም! ወይፈኑን ሰጥተን ቤት እንግዛ» አላት። ወይፈኑ ከሄደ ሌላ የላቸውም። ከተሳሳቱ ተሳሳቱ ነው።

ሁለት ቤት አገኙ። አንዱ ሰፊ ነው፤ ምሰሶው ወፍራም፣ ግቢው በድንጋይ የታጠረ። ሌላዋ ጠባብ ጎጆ ናት። የሁለቱም ዋጋ አንድ ወይፈን። ሰፊው ለምን ረከሰ? ደምለው መች ጠየቀ!

«አንቺ! የልጃችንን ሰርግ እዚህ ነው የምደግሰው!» አለ። ልጁ ገና አልተወለደም፣ እሱ ይድራል!

አንጓች ግን፦ «ቆይ፣ መጀመሪያ እሳት ልጫር» አለችና የሸክላ ገል ይዛ ወጣች። ያኔ ክብሪት የለም፤ እሳት ከጎረቤት ነው።

የሰፊው ቤት ጎረቤት ጋ ደረሰችና፦ «እናቴ፣ እሳት ልጫር?» አለች።

ሴትዮዋም፦ «እሳት የለም!» ብላ በሩን ዘጋችባት። ጭሱ ግን በጣራው ይትጎለጎላል። ወይ ጉድ! ጭስ ይደበቃል?

ከዚያም ወደ ጎጆዋ ጎረቤት ሄደች። እዚያ እማማ ብርቄ የሚባሉ ባልቴት አሉ። ገና ሲያዩዋት፦ «ግቢ እንጂ ልጄ! ይህን ሆድ ይዘሽ ፀሐይ ላይ ትቆሚያለሽ?» አሏት። ፍሙን ሰጧትና ቆሎም ጨመሩላት።

አንጓች ተመልሳ፦ «ጎጆዋን እንግዛ» አለች።

ደምለው፦ «እግሬን እንኳ አታስዘረጋኝም!» ብሎ አኮረፈ።

«እግርህን አጥፈህ ተኛ። እኔን ምሰሶ አያዋልደኝም» አለችው።

ሳይወድ በግዱ ወይፈኑን ሰጠ። በሩ ግንባሩን በገጨው ቁጥር ግን፦ «ምነው ሰፊውን በገዛን!» ይል ነበር።

አንድ ቀን አረም ሲያርም ከወደ ቤቱ እልልታ ሰማና ሮጠ። ለካ አንጓችን ምጥ ሲይዛት አንዴ ብትጣራ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ደርሶላት ኖሯል። ቤቱ ጢም ብሏል፤ እግር ማስገቢያ የለም።

«ኧረ አስገቡኝ! ቤቱ የኔ ነው!» አለ።

እማማ ብርቄም፦ «ዛሬስ የኛ ነው! ሴት ልጅ አግኝተሃል፤ እዚያው ሆነህ ብላ!» ብለው ገንፎ አቀበሉት።

ደምለው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ገንፎውን እየዋጠ ሳቀ፤ አለቀሰም። ከዚያም፦ «አንጓች! ቤቱ ጠበበኝ!» ብሎ ጮኸ።

እሷም ከውስጥ፦ «እሰይ!» አለችው።

በሉ፣ ተረቴን መልሱ፤ አፌን በገንፎ አብሱ፤ መሀሉ ላይ ቅቤውን እንዳትረሱ!