መስኮቱን ያስዘጋው መምህር

አንድ የሕዝብ አስተዳደር መምህር ነበር። ዶክተር ይትባረክ ይባላል። በዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ጸጉሩ የሸበተ፣ ከረዳት መምህርነት ተነስቶ የትምህርት ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። በየወረዳው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሹም ሁሉ «እኔ እኮ የዶክተር ይትባረክ ተማሪ ነኝ» እያለ ይኮራበታል። የሕዝብ አስተዳደር ምንድን ነው ለምትሉ፣ መንግሥት ሕዝቡን እንዴት ቢያገለግል ይሻላል የሚለውን የሚያጠና ትምህርት ነው። ሐኪም የሰውን አካል እንደሚያጠና እነዚህ ደግሞ ቢሮን ያጠናሉ፤ ቢሮ በምን ይታመማል፣ በምንስ ይድናል እያሉ።

ዶክተር ይትባረክ ሲያስተምር ክፍሉ በሳቅ ይሞላ ነበር። ከቀልዱ ሥር ግን የማይነቃነቅ አንድ እምነት ነበረው። «በሥርዓቱ ሄደህ ብትሳሳት የሚጠየቀው ሥርዓቱ ነው» ይላል ጣቱን ቀስሮ። «ከሥርዓቱ ወጥተህ ብትሳሳት ግን የምትጠየቀው አንተ ነህ። እንግዲህ ምረጥ!» ተማሪዎቹም ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ ይህችን ይዘው ይወጡ ነበር።

አንድ ዓመት እንዲህ የሚል የፈተና ጥያቄ አወጣ። ጎርፍ መንገድ ቆርጦ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ተርቧል። እህል በመጋዘን አለ። ወጪ የሚፈቅደው ኃላፊ ግን የለም። ምክትሉ አንተ ነህ፤ ምን ታደርጋለህ? ደብሪቱ የምትባል ተማሪ በአጭሩ «መጋዘኑን እከፍታለሁ፤ ኃላፊው ሲመጣ አስረዳዋለሁ» ብላ ጻፈች። ዶክተር ይትባረክ ዜሮ ሰጣት። ዜሮው አልበቃው ብሎ መልሷን ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ደብሪቱ የታለች? ተነሺ እስቲ እንይሽ» አለ። ተነሳች።

«አንቺ ልጅ፣ ወይ ገነት ትገቢያለሽ ወይ ወህኒ ትወርጃለሽ። ቢሮ ግን አትገቢም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደብሪቱ ግን አልተቀመጠችም። «የተራቡት ሰዎችስ፣ ዶክተር?» አለች።

«ጥያቄው ስለ ምክትሉ ነው እንጂ ስለ እነሱ አይደለም» አላት። አሁንም ተሳቀ።

ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ሽመክት የሚባል ተማሪ ነበር። እሱ «ኃላፊው እስኪመለስ እጠብቃለሁ፤ እስከዚያው ሁኔታውን ለበላይ አካል አሳውቃለሁ» ብሎ ጽፎ ከፍተኛውን ውጤት አግኝቷል። ደብሪቱ በዚያው ዓመት ትምህርት ክፍል ቀየረች፤ የት እንደደረሰች የሚያውቅ የለም። ሽመክት ግን ተመርቆ ወጣ፣ ተሾመም፤ በአንዲት ሩቅ ወረዳ የጤና ጽሕፈት ቤት ምክትል ኃላፊ ሆነ።

ዓመታት አለፉ። ዶክተር ይትባረክ አሁን ከክፍል ይልቅ በየወረዳው እየተጋበዘ ሹማምንትን ያሠለጥናል። አንድ ጊዜ የተጋበዘባት ወረዳ ይህችው ሽመክት የሚሠራባት ሆነች። ዶክተሩን ደስ ያሰኘው ግን ሽመክት አይደለም፤ እዚያ መኖሩንም አያውቅም። አንድዬ ልጁ አዜብ እዚያ ከተማ ገረመው ከሚባል አስተማሪ ጋር ትዳር ይዛ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇንም ለመውለድ ተቃርባለች። «ሥልጠናውን ስጨርስ የልጅ ልጄን አቅፌ እመለሳለሁ» ብሎ ለባልደረቦቹ ነግሮ ነበር የሄደው።

አዳራሹ ፊት ለፊት ላይ «ፈጣን ውሳኔ ለተገልጋይ እርካታ» የሚል ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። የየጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች በሙሉ ተጠርተዋል። ዶክተር ይትባረክ በሥልጠና ላይ አንድ ልማድ ነበረው። ስልክ ላነጋግር ብሎ የሚወጣ ሠልጣኝ በዚያው እንደሚቀር ስለሚያውቅ፣ የራሱንም ጨምሮ ስልኮቹን ሁሉ አስጠፍቶ በር ላይ በካርቶን ይሰበስባል። ለጥበቃውም «ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ እንዳትከፍት» ብሎ ያዘዋል። ልማዱ መጥፎ አልነበረም። ሰው ተረጋግቶ እንዲማር ነው።

በዚያ ጠዋት አዜብን ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ትንሽ እንደቆየች ደም ይፈሳት ጀመር። አዋላጇ ነርስ ደንግጣ «ይህ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ትድረስ» አለች። ሆስፒታሉ ያለው በሚቀጥለው ከተማ ነው። አምቡላንሱ ግን እዚያው አጠገብ፣ በጤና ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሹፌሩም አለ። ነዳጅም አለ። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት አምቡላንሱ ሠርግ ሲያጅብ ስለተገኘ፣ ያለ ኃላፊው ፊርማ ከግቢ እንዳይወጣ ተወስኗል። አያችሁ፣ ሕጉም ክፉ አልነበረም።

ገረመው እየሮጠ ቢሮ ገባ። ወንበሩ ላይ ያለው ሽመክት ነው። ሁለቱ አይተዋወቁም።

«ጌታዬ፣ ባለቤቴ እየደማች ነው። በፈጠረዎት አምቡላንሱን ይልቀቁልኝ!»

«አይዞህ ወንድሜ፣ እስቲ ተቀመጥ» አለ ሽመክት ወንበር እየሳበለት። «ስምሪት የሚፈርሙት ኃላፊው ናቸው።»

«የት ናቸው?»

«ሥልጠና ላይ።»

«ይደወልላቸዋ!»

«ደጋግሜ ሞከርሁ እኮ፤ ስልካቸው ዝግ ነው።»

«እርስዎ ምክትል አይደሉ? ይፈርሙላት እንጂ!»

«ውክልና አልተውልኝም። ያለ ውክልና ፈርሜ ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ማን ይመልስልኛል?»

ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «አቶ ሽመክት፣ ላስነሳው እንዴ?» አለ።

«ቆይ አልኩህ!» አለው ሽመክት። እስክሪብቶውን ግን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጨካኝ ሰው እስክሪብቶውን አያነሳም።

ገረመው ሥልጠናውን የሚሰጡት አማቱ መሆናቸው ትዝ አለው። «እዚያማ ከሆነ ቀላል ነው፤ ኃላፊውን ያስወጡልኛል» ብሎ፣ ለሽመክት ምንም ሳይናገር ሜዳውን አቋርጦ ወደ አዳራሹ በረረ። በሩ ላይ ጥበቃው ቆሟል።

«ወንድሜ፣ መግባት አይቻልም፤ ሥልጠና ላይ ናቸው።»

«አሠልጣኙ አማቴ ናቸው!»

«ጠዋትም አንዱ አጎቴ ናቸው ብሎኝ ነበር። እዚህ በር ላይ ያልተዛመደ ሰው አላየሁም።»

«እሺ፣ አንተ ግባና ንገራቸው። ልጃቸው እየሞተች ነው በላቸው!»

«እኔን ነው? ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ አትክፈት ተብያለሁ። እንጀራዬ ነው፣ አታስቆርጠኝ።»

ገረመው ግድግዳውን ዞሮ ክፍት ወደሆነው መስኮት ሄደና ባለ በሌለ ጉልበቱ ይጮህ ጀመር። «ዶክተር! ዶክተር ይትባረክ! አዜብ!» መስኮቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ውስጥ ያለው ሰው አይታየውም። የዶክተሩ ድምፅ ግን በማይክራፎን ጥርት ብሎ ይሰማዋል።

«ተገልጋይ ደጃፋችን ላይ ሲጠብቅ የሚያጠፋት እያንዳንዷ ደቂቃ» ይላል ዶክተር ይትባረክ፣ «ከዕድሜው ላይ የምንቆርጣት ናት።»

ሠልጣኞቹ ያጨበጭባሉ። ዶክተሩ ከጭብጨባው መሐል ጩኸት ሰማ። ጩኸት መሆኑን እንጂ የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚልም አለየውም። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ከወንበሩ ብድግ ሲል አየና ገላመጠው፤ ሰውዬው ተመልሶ ተቀመጠ።

«አያችሁ?» አለ ዶክተር ይትባረክ ፈገግ ብሎ። «ስለ ተገልጋይ ተረጋግተን እንዳንነጋገር ተገልጋዩ ራሱ አላስቀምጥ አለን! እስቲ ያንን መስኮት ዝጉልኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። መስኮቱ ተዘጋ።

ገረመው ባጃጅ ተከራይቶ ሚስቱን በዚያ ኮረኮንች መንገድ ወሰዳት። አዜብ ተረፈች። ሕፃኑ ግን ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ሞቷል። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረና የገረመውን ፊት አይቶ ዓረፍተ ነገሩን ተወው።

ዶክተር ይትባረክ ለምሳ ሲወጣ ስልኩን ከካርቶኑ አንስቶ ሲከፍት ነገሩን ሰማ። ሆስፒታል ሲደርስ አዜብ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። እጇን ሊይዝ ሲል ገረመው «መስኮቱ ሥር ቆሜ ስጠራዎት ነበር» አለው።

በማግስቱ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊና ሽመክት ሊያጽናኑት መጡ። ዶክተሩ ሽመክትን ሲያይ ወዲያው አወቀው፤ ምርጥ ተማሪዎቹን አይረሳም።

«እንኳን እናቲቱን አተረፈልዎ፣ ዶክተር» አለ ሽመክት፤ እንባው እየመጣ። «የእርስዎ ልጅ መሆኗን ባውቅ ኖሮ እንኳን አምቡላንስ ልከለክል በጀርባዬ ተሸክሜ አደርሳት ነበር!»

ዶክተር ይትባረክ ቀና ብሎ አየው። «ውክልናውስ?»

«ለእርስዎማ...»

«ስለዚህ መኪናው መውጣት ይችል ነበር።»

ሽመክት አቀረቀረ። «ዶክተር፣ ደብሪቱ ተነስታ ሲሳቅባት እኔም ስቄያለሁ። በልቤ ግን መጋዘኑን እኔም እከፍት ነበር እያልኩ ነው የሳቅሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምፈራው ኃላፊ አይደለም፤ እንደሷ መቆምን ነው» አለ።

ሊወጡ ሲሉ ኃላፊው እያፈረ ዘወር አለ። «ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን የቀረችው ግማሽ ቀን ካልተሰጠች ሥልጠናው እንደተጠናቀቀ አይቆጠርም፤ ሰርተፍኬቱም አይመጣም...»

ዶክተር ይትባረክ እሺ አለ። በነጋታው አዳራሽ ገባ። ማይክራፎኑን አልነካውም።

«ያን ዕለት ጩኸት ሰምታችኋል። ወጥቼ ልይ ብሎ በልቡ ያሰበ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። ከዚያ አንዱ አወጣ። ያንን አይቶ ሌላው አወጣ። በመጨረሻ አዳራሹ በእጅ ተሞላ።

«ታዲያ ለምን አልወጣችሁም?»

«ሌላው ሲቀመጥ አይቼ ነው» አለ አንዱ።

«የሚመለከተው ሰው ይወጣል ብዬ ነው» አለ ሌላው።

የጤናው ኃላፊ ግን ቆመ። «እኔ ተነስቼ ነበር፣ ዶክተር። ሲገላምጡኝ ተቀመጥሁ።»

ዶክተር ይትባረክ የያዘውን ማርከር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጥቶ ሄደ።

ሠልጣኞቹ ይመለሳል ብለው ጠበቁ። አልተመለሰም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጥበቃውም በቦታው የለም። «እንሂድ እንዴ?» አለ አንዱ በሹክሹክታ። «ማን አሰናበተንና?» አለው ጎረቤቱ። «ትንሽ እንጠብቅ እስቲ፤ ከላይ የሚደውልልን ሰው አይጠፋም» አለ ሦስተኛው። ስልኮቻቸው ግን እንደተለመደው ተዘግተው ካርቶኑ ውስጥ ናቸው። ዶክተር ይትባረክ የተሳፈረበት አውቶቡስ ከተማዋን ለቆ ሲወጣ እነሱ ገና ተቀምጠው ነበር።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ጥበቃው ትእዛዝ አከበረ፣ ምክትሉ ሕግ አከበረ፣ ኃላፊው መምህሩን አከበረ፤ ሕፃኑ ግን በእነዚህ ሁሉ ክብሮች መሐል ሞተ። መምህሩ ያስተማረው ሰሌዳው ላይ የጻፈውን መሰለው። እነሱ ግን የተማሩት በማን እንደሚስቅ አይተው ነው። ሰው ትክክለኛውን ነገር ስላላወቀ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው፤ ብዙ ጊዜ እያወቀ የሚቀመጠው የቆመው ሰው ሲሳቅበት አይቶ ነው። ስለዚህ አስተማሪም ሁኑ አለቃ፣ ወላጅም ሁኑ ታላቅ ወንድም፣ መልካም ለማድረግ በተነሳ ሰው ላይ ከመሳቃችሁ በፊት አስቡበት። በዚያ ሳቅ ምክንያት የሚቀመጡትን ሁሉ መቼም ቢሆን ቆጥራችሁ አትደርሱባቸውም።

እናንተስ አሁን፣ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ የምትጠብቁት ማን እንዲያሰናብታችሁ ነው?