ጦጢትና የደንገሉ ታንኳ

እንግዲህ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፣ እንቅልፍ የመጣበት ፊቱን ይታጠብ፤ ተረቴን ላወርደው ነው። ድሮ ድሮ፣ እንስሳ ሁሉ እንደ ሰው በሚያወራበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋብኝ አገር አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበረ። በሐይቁ ዳር ደንገል የሚባል ረጅም የውኃ ሣር ይበቅላል። በሐይቁ መሃል ደሴት አለች፤ በደሴቲቱ ላይ ደግሞ ሾላ ይበስላል። ምን ዓይነት ሾላ መሰላችሁ! ማር ነው፣ ማር!

ወደ ሾላው የሚያደርሰው ታንኳ ብቻ ነው፤ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ሥራውን የሚያስተምሩት ደግሞ የኔታ ኤሊ ናቸው። የእሳቸውን ፈተና ያለፈ ይሻገራል። የወደቀ ዳር ቆሞ ምራቁን ይውጣል።

የኔታ ተማሪዎቻቸውን ማጭድ ከማስያዛቸው በፊት ዜማ ያስጠኗቸው ነበር፦ «አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለሐይቁ፣ ሥሩን ለነገ!» ጥንቸል እንደተማረው እየዘመረ አንዱን ያጭዳል፣ አንዱን ይተዋል። ጦጢት ግን አምና ፈተናውን ወድቃ፣ ጓደኞቿ ሾላ ሲበሉ እሷ ሣር ስታኝክ ነው የከረመችው። «ዘንድሮስ ብሞት አልቀርም!» ብላ ምላለች። ሾላውን በሕልሟ ሁሉ ትልሰው ነበር።

«ትልቅና ያማረ ታንኳ ከሠራሁ የኔታ ዓይናቸው ይፈዛል፤ ከዚያ በኋላ ማን ምን ይጠይቀኛል?» ብላ አሰበች። «ደግሞ ማጭድ ምን ያደርግልኛል? ከነሥሩ ብነቅለው ይረዝምልኛል!» ወደ ደንገሉ ገባችና እንዲህ እያለች ትዘምር ጀመር፦ «አንዱን ለእኔ፣ አንዱንም ለእኔ፣ ሥሩም ለእኔ!» ሳብ፣ ነቀል! ሳብ፣ ነቀል!

ደንገሉ ውስጥ የምትኖረው እትዬ ዳክዬ ደንግጣ ብቅ አለች። «ኧረ በሕግ አምላክ! ልጄ፣ ቤቴ እኮ ነው! እንቁላሌን የት ልጣለው?»

«አይቆጡ እትዬ ዳክዬ፤ ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ቦታ አያጡም።»

«ሰፊው ውኃው ነው እንጂ! ውኃ ላይ እንቁላል ይታቀፋል?»

ጦጢት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሷ በገባችበት በኩል ያ ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ባዶ ጭቃ ሆኖ ቀረ።

ታንኳዋ ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ አማረ። አፍንጫው እንደ በሬ ቀንድ ቀና ያለ፣ ጎንና ጎኑ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ! ሌሎቹ ተማሪዎች ታንኳቸው እንዲደርቅ ከውኃ አውጥተው ዛፍ ላይ አስደግፈው አቆሙት፤ ደንቡም እንደዚያ ነው። ጦጢት ደግሞ «ይሄን የመሰለ ጌጥ ከዛፍ ጀርባ ልደብቀው? አገር ይየው እንጂ!» ብላ ዳር ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ተወችው። ዝናብ መጣ፣ ዝናብ ሄደ። አላፊ አግዳሚው «ወይ እጅ!» ባለ ቁጥር ጅራቷን ቀጥ ታደርጋለች።

አንድ ቀን እትዬ ዳክዬ ታንኳው ላይ ወጥታ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ውረጂ!» አለች ጦጢት።

«ቤቴ ወደዚህ መጣ፣ እኔም ተከትዬው መጣሁ» አለች ዳክዬ። ጎሽ! እኔ ብሆንም አልወርድላትም ነበር።

የፈተናው ቀን የኔታ ኤሊ ቀስ እያሉ መጡ። በተሰለፉት ታንኳዎች ፊት ቀና ብለው ሳያዩ አለፉ። «ታንኳውን ኋላ አየዋለሁ» አሉ። «መጀመሪያ ደንገሉን ያጨዳችሁበትን ቦታ አሳዩኝ።»

ጦጢት የምታሳየው ባዶ ጭቃ ብቻ ነው። ግን ጦጣ መላ አታጣም፤ ፈጥና ሮጣ ጥንቸል ያጨደበት ቦታ ላይ ቆመች። የተተወው ደንገል ቆሟል፤ ከታጨደውም አዲስ ለጋ ወጥቷል። «ይኸው የኔታ! አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለሐይቁ!»

«ኧረ ዓይን አውጣ! የኔ ነው እኮ!» አለ ጥንቸል።

«የኔ ነው!»

«የኔ ነው!»

የኔታ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርገው አሰቡና፣ «ምን ያጨቃጭቃችኋል? የታጨደ ደንገል ሥር የለውም። ጦጢት፣ ታንኳሽን ገልብጪና ሆዱን አሳዪኝ» አሏት።

ጦጢት ታንኳዋን ሳብ! ንቅንቅ አላለም። «ጌጡ አክብዶት ነው!» አለች፣ ላብ በላብ ሆና። ጥንቸልም ሌሎቹም ገብተው ሳቡ፤ እትዬ ዳክዬ ከላይ «ቀስ በሉ፣ እንቁላሌን!» እያለች ትጮኻለች። ጠርዙ ትንሽ ቀና ሲል ነገሩ ሁሉ ታየ። ነጭ ሥር ጭቃውን ጨብጦ ይዟል፤ በሹሩባው መሃል አረንጓዴ ቡቃያ ወጥቷል። ታንኳው በቅሏል! ተማሪው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

የኔታ አልሳቁም። «ጦጢት፣ እጅሽ ወርቅ ነው፤ አልክድም። ግን ደንገሉን ከነሥሩ ከጨረስሽው ከርሞ የሚመጣው ተማሪ ምን ይዞ ይማር? ታንኳው እንኳ ካንቺ ተሽሎ ለሐይቁ አሰበ። በይ ይብቀል፤ ከብት እንዳይግጠው አንቺው ትጠብቂዋለሽ።»

«ሾላውስ የኔታ?»

«ሾላውማ ማዶ ነው።»

ጓደኞቿ እየዘፈኑ ተሻገሩ። ጦጢት ዳር ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ እኔም ሳስበው ታሳዝነኛለች። ማልቀሱም ግን ያልቃል። አንድ ቀን ዝንጀሮ መጥቶ ከቡቃያው አንዱን ሊነቅል እጁን ሲሰድ ከየት መጣች ሳትባል ዘላ ፊቱ ላይ ተገተረች። «እጅህን አንሳ! ከነቀልክማ አለቀ፤ ካላመንክ እኔን እየኝ!» ዝንጀሮ እግሬ አውጪኝ አለ። ከኋላዋ የእትዬ ዳክዬ ጫጩቶች ጭው ጭው ይላሉ።

የኔ ተረት እዚህ ላይ አበቃ፤ ለእናንተ የሚቀረው ቃሉ ነው፦ ያስተረፈ ተሻገረ፣ ነቅሎ የጨረሰ ዳር ቀረ።