ቁልፉ ከአልጋነሽ ጀርባ እስኪወርድ

ኑ፣ ጠጋ በሉ። እጃችሁን ግን ሰብስቡ! በጨዋታዬ መሃል ማንም ሰውነቱን ካከከ፣ ተመልሼ ከሥሩ ነው የምጀምርባችሁ። ሰማችሁ? እሺ።

ታናሽ እኅቴ ደብሪቱ ወህኒ ወርዳ ነበር። ለምን ወረደች አትበሉኝ፤ ለእሱ ዳኛ አለው፣ ፍርዷንም ተቀብላለች። ቆዳዋ ግን ምን አጠፋ? በአንድ ክፍል አሥራ ሦስት ሴት፣ ፍራሽ ለሁለት፣ ብርድ ልብስ ለሁለት። እከክ ገባና ከአንዷ ወደ አንዷ ተሻገረ። ደብሪቱ ላይ ሲደርስ ቤት ሠራ፤ በጣቶቿ መሃል፣ በብብቷ፣ በወገቧ።

ያኔ ልጇ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የሰማንያ ቀን ክርስትናዋ ወር ቀርቶታል። "ከክርስትናዋ ማግስት አያቷ ዘንድ ወስጃት ትታቀፋት" አለች ወላዷ። ይኼን ልነግራት ብሄድ፣ ደብሪቱ በሽቦው ማዶ ሆና እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀችብኝ።

"እትዬ፣ አታምጧት። በዚህ እጄ ጨቅላ ልንካ? እኔ ከዚህ ዓለም አንድ ነገር ነው የምመኘው፣ እሷን መታቀፍ። እሱም ቀረ።"

በሉ ይቺን ምኞት ያዙልኝ፣ እንዳትጥሏት።

ደብሪቱ እከኩን ለመነችው። "እከክ ሆይ፣ ልቀቀኝ፤ ልጅ ልታቀፍ።" እከክ ምን አለ? "ቅባት ካልመጣ አልለቅም!"

ወደ ቅባቱ ሄድሁ። ቅባቱ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ጉብ ብሎ፣ "ሐኪም ካልያዘኝ አልመጣም!" እውነቱን ነው። ከዚያ በፊት በራሴ ዕውቀት ድኝ በቅቤ ለውሼ ልኬላት ቆዳዋን አንጨረጨርሁት። እንግዲህ ቅባቱ ያለ ሐኪም አይመጣ፣ እከኩ ያለ ቅባት አይለቅ፣ ደብሪቱ ልጅ አትታቀፍ!

ሐኪም ፍለጋ ወጣሁ። የቆዳ ሐኪም በከተማችን አንዲት ብቻ ናት፤ ዶክተር ረድኤት ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ ሳቂታ።

"ልጄ፣ እኅቴ ያለችው ወህኒ ነው። እዚያ ትገቢያለሽ?" አልኋት፣ ፈራ ተባ እያልሁ።

"እማማ፣ እከኩ የገባበት መግባት እኔን አይከብደኝም። በሩ ይከፈትልኝ እንጂ" አለች። ደብዳቤውን አጻፈች፣ ማኅተሙን አስመታች፣ ቅባቱን ያዘች፤ ተከትላኝ መጣች። ግን ሐኪሟ ያለ በር አትገባ፣ ቅባቱ ያለ ሐኪም አይመጣ፣ እከኩ ያለ ቅባት አይለቅ፣ ደብሪቱ ልጅ አትታቀፍ!

በሩ ብረት ነው፤ ብረት ምን ያፍራል? "ቁልፍ ካልዞረብኝ አልከፈትም!" አለ። እንግዲህ በሩ ያለ ቁልፍ አይከፈት፣ ሐኪሟ ያለ በር አትገባ፣ ቅባቱ ያለ ሐኪም አይመጣ፣ እከኩ ያለ ቅባት አይለቅ፣ ደብሪቱ ልጅ አትታቀፍ!

አንተ! አየሁህ፣ ክርንህን አከክህ። ለዛሬ ምሬሃለሁ።

ቁልፉስ የት አለ? የሴቶቹ በር ጠባቂ አሥር አለቃ አልጋነሽ ዘንድ። ስንቅ በሚገባባት በትንሿ መስኮት አየናት። ቁልፉ አንድ ስንዝር ብረት ነው፤ እሷ በአንገቷ በኩል ወደ ጀርባዋ ሰድዳው፣ ዓይኗን ጨፍና ትፎክትበታለች! የእስረኞቹን ብርድ ልብስ ስትፈትሽ ነው እከኩ የተጋባባት።

"አልጋነሽ፣ በሩን ክፈችልን እንጂ!"

"እማማ፣ እናቴ ትሙት፣ እጄ ሥራ ይዟል። ከጀርባዬ ካወረድሁት ማበዴ ነው። መጀመሪያ እከኬ ይልቀቀኝ።"

ጉድ ፈላ! አልጋነሽ እከኳ ሳይለቅ ቁልፉን አታወርድ፣ ቁልፉ ከጀርባዋ ሳይወርድ አይዞር፣ በሩ ያለ ቁልፍ አይከፈት፣ ሐኪሟ ያለ በር አትገባ፣ ቅባቱ ያለ ሐኪም አይመጣ፣ እከኩ ያለ ቅባት አይለቅ፣ ደብሪቱ ልጅ አትታቀፍ!

"ቅባቱ ይኸው፣ በእጄ ነው" አለች ዶክተር፣ በመስኮቱ እያሳየቻት።

አልጋነሽ አንድ ዓይኗን ገለጠች። "ደንብ ደንብ ነው። ያመጣ ይቅመስ!"

የወህኒ ሥርዓት ነው፤ ስንቅ ያመጣ ሰው ጠባቂዎቹ ፊት ቀምሶ ነው የሚያስገባ። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያች መስኮት ላይ ወጥ ስቀምስ የኖርሁ ሴት፣ ልማድ ሆኖብኝ ጣቴን ከቅባቱ ነክሬ ላስ አላደርገው መሰላችሁ!

"እማማ! ይትፉት! ይትፉት!"

አልጋነሽ በሳቅ ፈረሰች፤ ቁልፉን ግን አላወረደችም። ዶክተር አፌን ጠራርጋ አስጉመጠመጠችኝና፣ "ቅባት የሚቀመሰው በቆዳ ነው" አለች። "አሥር አለቃ፣ አንድ እጅሽን በመስኮቱ አውጪ።" አወጣች። በጣቶቿ መሃል ቀባቻት።

"ጀርባዬስ?"

"ጀርባሽን በስንቅ መስኮት አላገኘውም። ወይ ጀርባሽ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልግባ።"

አልጋነሽ መስኮቱን አየች። ለአገልግል እንኳ ይጠባል። ጀርባዋን አሰበች፤ እሱ ደግሞ፣ ክፉ አይንካውና፣ ሰፊ ነው።

ያን ጊዜ! አልጋነሽ ቁልፉን አወረደች፣ ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሐኪሟ ገባች፣ ቅባቱም አብሯት ገባ!

ገብታስ? ስድስት ወር ማንም ሲጠየፈው የከረመውን የደብሪቱን እጅ፣ በሁለት እጇ ያዘችው። እኅቴ ያለቀሰችው ያኔ ነው። "አይዞሽ፣ እትዬ ደብሪቱ፣ ይለቅሻል። ግን ብቻሽን አይሆንም" አለቻት። አሥራ ሦስቱንም፣ አልጋነሽንም፣ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር በአንድ ቀን ቀባቻቸው። "አንዷ ብትቀር ለሁላችሁም ትመልሳለች።" ልብሱ ተቀቀለ፣ ፍራሹ ፀሐይ ወጣ። በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ ደገመቻቸው። እከክ ክፉ እንግዳ ነው፤ ውጣ ቢሉትም ደጃፍ ላይ ጥቂት ያወራል። በመጨረሻ ግን ሄደ።

በክርስትናዋ ማግስት፣ እሑድ፣ ሕፃኗን ይዘን ደረስን። አልጋነሽ መስኮቱ ላይ ቆማለች፣ ቁልፉ በወገቧ።

"ይቺንም ልቅመሳት?" አልኋት።

"ደንብ ነው እማማ፣ ይቅመሷት!"

ጉንጯን ሳምኋት። ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ተከፈተ፣ ደብሪቱ ልጅ ታቀፈች!

ዶክተር ረድኤት እስከ ዛሬ በየወሩ ትገባለች። ያቺን እጅ የያዘ እጇን እግዜር ይባርከው፤ እኔ የምከፍላት ምርቃት ብቻ ነው። ያቺ ሕፃን? ይኸውላችሁ፣ አፏን በነጠላዬ ሸፍና የምትስቀው።

ጨዋታዬን ለባለቤቷ፣ ለዚችው ልጅ፣ መለስሁ። በሉ አሁን እኔንም አንዳችሁ ጀርባዬን እከኩልኝ፤ ሳወራው በላኝ።