እመት ዝንጀሮና የገደሉ አገር ስም

ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁንም አውሱኝ። እንስሳት ሲሟገቱ፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ ሲመልስ በነበረበት ዘመን፣ ከገደል አፋፍ ላይ አንድ የዝንጀሮዎች አገር ነበረ። ንጉሡ ሞተና እመት ዝንጀሮ ነገሠች። እመት ዝንጀሮ አንድ አመል ነበራት፤ ነገር ካልገባት እህል አይወርድላትም።

በነገሠችበት ዓመት ዝናብ ቀረ፣ የገደሉ ምንጭም ደረቀ። ወንዝ ያለው ከታች፣ በቆላው ጎረቤት አገር ነው። ዝንጀሮዎች ሊጠጡ ሲወርዱ ግን ጎሽ ቀንዱን ደቅኖ መለሳቸው። ሕፃናቱ በውሃ ጥም አለቀሱ።

«ለምን ይጠሉናል? ስማችንስ ለምን ከፋ?» አለች እመት ዝንጀሮ።

«ምቀኝነት ነዋ!» አላት አጎቷ አያ ገመሮ። አያ ገመሮ ጋማው የገዘፈ የጦር አለቃ ነው፤ ዙፋን ላይ ያወጣትም እሱ ነው። «ነጋሪቱን ላኪው፤ ደግነታችንን ይንገርልን።»

ነጋሪት ቆላ ወርዶ፣ «ድም! ድም! ደጎች ነን! ድም! ሰላም ነን!» አለ። የቆላ እንስሳት ግልገሎቻቸውን ይዘው ጫካ ገቡ።

«እመቤቴ፣ ቃሌን ማን ሰማው?» አለ ነጋሪት ተመልሶ። «እነሱ እኔን የሚያውቁኝ በጦር ቀን ነው።»

«እንግዲያው ማር ላኪ» አላት አያ ገመሮ። ማር ላከች። የቀመሰው የለም፤ ጉንዳን ወረሰው።

እመት ዝንጀሮ አሰበች፣ አሰበች። «የጠላኝን ሳልጠይቅ የጠላኝበትን ምክንያት ከየት አገኘዋለሁ?» አለችና ያለ አጃቢ ብቻዋን ወረደች። ሚዳቋ አይታት ልትሮጥ ስትል፣ እመት ዝንጀሮ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አልነካሽም፣ እቴ። ምን በደልናችሁ?»

ሚዳቋ አፍጥጣ አየቻት። «ይህን የጠየቀን ሹም አይተን አናውቅም። በገደላችሁ ሥር ስናልፍ ድንጋይ ለቀቃችሁብን። የልጄ እግር ተሰበረ፤ ይኸው ዛሬም ያነክሳል።»

«ማነው የለቀቀው?»

«ስሙን እንጃ። ጋማው ትልቅ ነው። ድንጋዩን ለቆ ሲስቅ ገደሉ ያስተጋባ ነበር።»

እመት ዝንጀሮ ሳቁን አወቀችው። ያን ሳቅ ስትሰማ ነው ያደገችው።

አገሯ ተመልሳ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ «አጎቴ፣ ድንጋዩን የለቀቁት እርስዎ ነዎት?» አለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ! ለመንገደኛ ላዝንለት ኖሯል? እኔ ባልኖር አንቺን ማን ያነግሥሽ ነበር?»

«ማንም አያነግሠኝም ነበር። ዙፋኑን ከፈለጉ ይውሰዱት። እኔ እስካለሁ ግን ከዚህ ገደል ድንጋይ አይለቀቅም፤ እርስዎም ወርደው ልጇ የተሰበረባት ሚዳቋ ፊት ይቆማሉ።»

አያ ገመሮ ጥርሱን አገጠጠ። ያን ጊዜ ልጇ በጥም የዛለባት አንዲት እናት ተነሥታ ከእመት ዝንጀሮ ጎን ቆመች። ሌላዋም ተነሣች። ሌላውም። አያ ገመሮ ዙሪያውን ቃኘና ጋማው ረገበ።

ወረደ። ቆላ ሁሉ እያየው፣ «የልጅሽን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ይቅር አልልህም» አለች ሚዳቋ። «ልጄ ግን ውሃ ጠምቶታል፤ እስከ ወንዙ ተሸከመው።»

አያ ገመሮ ጎንበስ ብሎ ግልገሉን አዘለው። ከኋላው እመት ዝንጀሮ፣ ከእሷም ኋላ የተጠሙት ሁሉ ተከተሉ። ጎሽ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ቀንዱን ወደ ሌላ አዙሮ መንገዱን ለቀቀላቸው።

እኔ የሰማሁትን አወራሁ፣ እናንተ ለልጅ አቆዩልኝ፦ ስም ከቤት ይወጣል እንጂ ከደጅ አይገባም።