በአንድ በሬ የመጣ ምሕረት

አንድ ሰው ነበረ። በህንድ አገር፣ በራጃዎች ዘመን፣ አንድ በሬና አንዲት ሚስት የነበሩት ገበሬ። በሬውን ማስቀደሜ እናቶችን አያስቀይም፤ እሱም እንዲሁ ነበር የሚቆጥረው።

የአገሩ ገዢ ራጃው ከመከሩ እኩሌታውን በግብር ይወስዳል። ይህ አልበቃው ብሎ፣ ልክ በዘር ወቅት ገበሬውን እየጠራ ያለ ደሞዝ ለቤተ መንግሥቱ ድንጋይ ያሸክማል። ዝናቡ ግን ራጃውን ይጠብቃል? አይጠብቅም። ሳይዘሩ ካለፈ፣ ዓመቱን ሙሉ ረሃብ ነው።

አንድ ዓመት ገበሬዎቹ መረራቸው። “ሳንዘራ አንሸከምም” ብለው በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ተቀመጡ። የእኛም ሰው አብሮ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን የራጃው ሹም ለብቻው ጠራው። “አንተን ከግብሩም ከሸክሙም ምሬሃለሁ። ዝም ብለህ ቤትህ ግባ።”

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እውነቱን እንነጋገር፤ እኔ እሄድ ነበር። እሱም ሄደ።

“ዳፑ፣ ነጻ ወጣን፤ ነገ እዘራለሁ” አላት ሚስቱን።

“ተመስገን። በምን ታርሳለህ?”

“በበሬያችን ነዋ።”

“ሁለተኛውስ?”

ለካ ሁለተኛው በሬ የመቀናጆው የኬሹ ነው፤ ኬሹ ደግሞ እዚያው በሩ ላይ ተቀምጧል። ሰውየው በአንድ በሬ ምሕረት ተቀብሎ መጣ! እናንተም ሳቁ፤ ዳፑም ስቃለች።

አፈረ፤ ተመለሰም። ሹሙን “ወይ ሁላችንንም ማር፣ ወይ እኔንም አትማረኝ” አለው። ኬሹ አልወቀሰውም፤ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

በሰባተኛው ቀን ራጃው ተጨነቀ፤ ካልተዘራ የእሱም ጎተራ ባዶ ነው። በዘር ወቅት ሸክም ቀረ፤ ግብሩም ተቀነሰ። ዘሩ ዘግይቷል፤ አዝመራውም የሚያስፎክር አልነበረም። ግን መንደሩ በሙሉ በልቶ አደረ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ወገኖቼ፣ “ጌታ ሆይ፣ እኔን አውጣኝ” ብላችሁ ጸልያችሁ ወጥታችኋል። እሰየው። ግን ማንን ትታችሁ ወጣችሁ? የእናንተ ጉዳይ ሲያልቅ፣ አብሯችሁ ቀበሌ የተመላለሰው ጎረቤት የት ደረሰ? የእናንተ ልጅ ሥራ ሲይዝ፣ አብራችሁ ስታለቅስ የነበረችው እናትስ?

ስሟን ታውቃላችሁ። ቤቷንም ታውቃላችሁ። ዛሬ ምሳ ሳትበሉ በፊት በሯን አንኳኩ።